ሃያ ዓመት አብረው ኖሩ፣ መዝገቡ ግን አያውቃቸውም፦ የናጎያው ጉዳይ

ጉዳዩ ለምን ይመዘገባል

የተመሳሳይ ፆታ ፍቅርንና ቤተሰብን አንድ ላይ የሚያነሱ የጃፓን ድራማ ፊልሞችን ያየ ሰው አንድ ነገር ልብ ማለቱ አይቀርም። ጩኸት ብዙም የለም። እናት “መቼ ነው የምታገባው?” ትላለች። ልጅ “ሥራ በዝቶብኛል” ይላል። ሩዙ ይቀርባል፣ ወሬው ይቀየራል። ዓመታት እንዲህ ያልፋሉ። ከዚያ አንድ ሰው ይሞታል። አብሮት የኖረው ሰው ለቅሶው ላይ “ጓደኛ” ተብሎ ከኋላ ይቀመጣል።

ፊልም እዚያ ላይ ማብቃት ይችላል። ኑሮ ግን ይቀጥላል። ቤቱ በማን ስም ነው? የባንክ ደብተሩን ማን ይወስዳል? መንግሥት ለሟች ቤተሰብ የሚሰጠው ገንዘብ ካለ ማን ነው ቤተሰቡ? እኔን የሚያሳስበኝ ይህ የቢሮ መስኮት ላይ የሚጀምረው ክፍል ነው። ምክንያቱም በጃፓን የቤተሰብ ግጭት ዋናው ፍርድ የሚሰጠው ሳሎን ውስጥ ሳይሆን ወረቀት ላይ ነው።

ይህን በደንብ የሚያሳይ አንድ ጉዳይ አለ። ናጎያ ከተማ ውስጥ ተጀምሮ ቶኪዮ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሷል። የሰዎቹን ስም አልጠቅስም። የሞተውን “ሟች”፣ የቀረውን “አመልካች” እላለሁ። ሁለቱም ወንዶች ናቸው። ቀኖቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ዳራ

በጃፓን ቤተሰብ ማለት መጀመሪያ መዝገብ ነው። ኮሴኪ ይባላል። ልደት፣ ጋብቻ፣ ፍቺ፣ ሞት ሁሉ እዚያ ላይ ይሰፍራል። በድሮው ሥርዓት መዝገቡ የሚከፈተው ለአንድ “ቤት” ነበር። የቤቱ አለቃ ካልፈቀደ ማግባት አይቻልም ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ይህ ተሻረ። ዛሬ አንድ መዝገብ የሚይዘው ባልና ሚስትን እንዲሁም ያላገቡ ልጆቻቸውን ነው። ሁለት ወንዶች ወይም ሁለት ሴቶች እንደ ትዳር አጋር በአንድ መዝገብ ላይ መግባት አይችሉም።

ብዙ ጥንዶች ያገኙት መውጫ ጉዲፈቻ ነው። በጃፓን አዋቂን ሰው በጉዲፈቻ መውሰድ ቀላል ነው። በዕድሜ የሚበልጠው፣ ልዩነቱ ትንሽ ቢሆንም እንኳ፣ የሌላው “አባት” ይሆናል። ውርስ ይከፈታል፣ ሆስፒታል ላይ “ቤተሰብ ነኝ” ማለት ይቻላል። ግን ዋጋ አለው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንድ ጊዜ የጉዲፈቻ ወላጅና ልጅ የነበሩ ሰዎች ጉዲፈቻው ቢፈርስ እንኳ እንዳይጋቡ ይከለክላል። ነገ የጋብቻ ሕጉ ቢለወጥ ትናንት ራሳቸውን ለማዳን የፈረሙት ወረቀት በሩን ሊዘጋባቸው ይችላል። ይህ በጣም የሚያሳዝን ምርጫ ነው። ፍቅረኛህን አባቴ ብለህ አስመዝግብ፣ አለዚያ ባዳ ሁን ማለት ነው።

ሌላው የከተሞች የምስክር ወረቀት ነው። ቶኪዮ ውስጥ ያሉት የሺቡያና የሴታጋያ ወረዳዎች በኖቬምበር 2015 የመጀመሪያዎቹን ሰጡ። ናጎያ ከተማ በዲሴምበር 2022፣ ናጎያ የምትገኝበት የአይቺ ክፍለ ሀገር ደግሞ በኤፕሪል 2024 ተከተሉ። ወረቀቱ ለቤት ኪራይና ለሆስፒታል ይረዳል። ውርስ ግን አይሰጥም።

ሟች የሞተው በዲሴምበር 2014 ነው። በመላው ጃፓን እንዲህ ያለ ወረቀት የሚሰጥ አንድም ከተማ ያልነበረበት ጊዜ ነው።

ችግሩ

ሁለቱ ወደ 20 ዓመት አብረው ኖረዋል። በዲሴምበር 2014 ሟች በሰው እጅ ተገደለ።

ጃፓን ለእንዲህ ያለ ሞት የሚሆን ሕግ አላት። ታሪኩን ማወቅ ጉዳዩን ለመረዳት ይጠቅማል። በኦገስት 30፣ 1974 ቶኪዮ መሐል ማሩኖኡቺ በሚባለው ሰፈር፣ ሚትሱቢሺ ሄቪ ኢንዱስትሪስ ሕንፃ ላይ ቦምብ ፈነዳ። 8 ሰዎች ሞቱ፣ ከ370 በላይ ቆሰሉ። የሟች ቤተሰቦች ከማን ካሳ እንደሚጠይቁ ግራ ገባቸው። ገዳይ ካልተያዘ ወይም ገንዘብ ከሌለው ሐዘንተኛው ባዶ እጁን ይቀራል። ከዚህ ቁጣ የተነሣ በ1980 የወንጀል ተጎጂዎች ድጋፍ ሕግ ወጣ። መንግሥት ራሱ ለቤተሰብ ይከፍላል። መጠኑ እንደ ሟች ዕድሜና ገቢ ይለያያል። ሟች በሞተበት ወቅት ዝቅተኛው 3.2 ሚሊዮን የን፣ ከፍተኛው ደግሞ ወደ 29.6 ሚሊዮን የን ይደርስ ነበር።

ክፍያው ላይ የመጀመሪያው ባለመብት የትዳር አጋር ነው። ሕጉ ደግሞ አንድ ሰፋ ያለ ነገር ጨምሯል። ጋብቻውን ባያስመዘግብም በተግባር ከትዳር ጋር በሚመሳሰል ሁኔታ አብሮ የኖረ ሰውም እንደ ትዳር አጋር ይቆጠራል። ወንድና ሴት ሆነው ሳይፈራረሙ 20 ዓመት ቢኖሩ ኖሮ የሚያከራክር ነገር አይኖርም ነበር። አብረው መኖራቸውን ማሳየት ይበቃቸዋል።

ጥያቄው እንግዲህ ይህ ብቻ ነበር። ያ ሐረግ ሁለት ወንዶችንም ይይዛል ወይስ አይይዝም?

ገንዘቡ ትንሽ ነገር ሊመስል ይችላል። አይደለም። “ቤተሰብ አይደለህም” የሚለው ቃል አንድ ሰው ላይ ምን እንደሚያደርስ ለማሳየት ከኦሳካ አካባቢ የመጣ ሌላ ጉዳይ በአጭሩ ላንሳ። ሁለት ወንዶች ከ40 ዓመት በላይ አብረው ኖሩ። አንደኛው በ2016 ሞተ። የቀረው ሰው የሟች እህት አስከሬኑ ሲቃጠል እንዳልገኝ ከለከለችኝ ብሎ በ2018 ከሰሳት።

በጃፓን ከ100 ሟቾች ከ99 በላይ የሚሆኑት አስከሬናቸው ይቃጠላል። ከዚያ በኋላ ዘመዶች በትሪው ዙሪያ ይቆማሉ። ሁለት ሁለት ሆነው በረጅም ቾፕስቲክ አንድ አጥንት አብረው ያነሱና ማሰሮ ውስጥ ያስገባሉ። ከእግር ይጀመራል፣ ወደ ላይ ይወጣል፣ ሟች ማሰሮው ውስጥ ተገልብጦ እንዳይቀመጥ። መጨረሻ ላይ ከአንገት የምትወጣ፣ ቁጭ ያለ ቡድሃ የምትመስል ትንሽ አጥንት አለች። እሷን የሚያነሳው ለሟች ቅርብ የሆነው ሰው ነው። ከዚያ ክፍል ውጭ መቅረት ማለት ይህን ሁሉ ማጣት ነው። ቀብር ያልቆመ ሰው ምን እንደሚሰማው ለእኛ አንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም።

የኦሳካ የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት በማርች 2020 ክሱን ውድቅ አደረገ። እህትየዋ ሁለቱን እንደ ባለትዳር ታያቸው እንደነበር አልተረጋገጠም አለ። ዝምታው ከ40 ዓመት በላይ ሁለቱን ጠብቋቸዋል። ፍርድ ቤት ሲደርስ ግን በእነሱው ላይ ማስረጃ ሆነባቸው።

የተወሰዱ እርምጃዎች

ወደ ናጎያ እንመለስ። አመልካቹ በዲሴምበር 2016 ለአይቺ ክፍለ ሀገር የሕዝብ ደህንነት ኮሚሽን ማመልከቻ አስገባ። ቀኑ በአጋጣሚ የሚታለፍ አይደለም። በሕጉ መሠረት ማመልከቻ የሚቀርበው ሞቱ ከታወቀ በ2 ዓመት፣ ሞቱ ከደረሰ ደግሞ በ7 ዓመት ውስጥ ነው። አመልካቹ የሁለት ዓመቱ በር ሊዘጋ ሲል ደረሰ።

ኮሚሽኑ አንድ ዓመት ፈጅቶ በዲሴምበር 2017 እምቢ አለ። ምክንያቱ አጭር ነበር። ሁለቱም አንድ ፆታ ስለሆኑ በተግባር እንደ ትዳር የሚቆጠር ግንኙነት ነበራቸው ሊባል አይችልም።

በጁላይ 2018 ክስ ተመሠረተ። የናጎያ የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት በጁን 4፣ 2020 አመልካቹ ላይ ፈረደ። የፍርዱ መሠረት “የማኅበረሰቡ አመለካከት” የሚል ነበር። ግድያው በተፈጸመበት በ2014 የተመሳሳይ ፆታ ጥንዶችን ከትዳር እኩል የማየት ሰፊ መግባባት በጃፓን አልነበረም፣ ስለዚህ ሐረጉ አይይዛቸውም አለ። ይግባኝ ተጠየቀ። የናጎያ ከፍተኛ ፍርድ ቤትም በኦገስት 26፣ 2022 ውሳኔውን አጸና።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይቆማል። ግድያው ከደረሰ ስምንት ዓመት ሊሞላው ነው። ሁለት ፍርድ ቤት “አይሆንም” ብሏል። በየችሎቱ የራስን መኝታና ጓዳ ማስረዳትም ራሱን የቻለ ሌላ ሐዘን ነው። አመልካቹ ግን ወደ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄደ።

በማርች 26፣ 2024 የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሦስተኛ ችሎት ውሳኔውን ሻረ። አምስት ዳኞች ተሰየሙ፣ አራቱ ተስማሙ። አካሄዳቸው ልብ ይሏል። “ኅብረተሰቡ ምን ይላል?” ብለው አልጀመሩም። “ይህ ሕግ ለምን ወጣ?” ብለው ጀመሩ። ሕጉ የወጣው በወንጀል ሰው የተነጠቀ ሐዘንተኛ የሚደርስበትን የመንፈስና የኑሮ ጉዳት ለማቃለል ነው። ይህ ጉዳት አብሮት የኖረው ሰው ተመሳሳይ ፆታ ስለሆነ አይቀንስም። ስለዚህ የተመሳሳይ ፆታ አጋር በሐረጉ ሊያዝ ይችላል አሉ።

አንድ ዳኛ የልዩነት ሐሳብ ጻፉ። በዚያው ዓመት ኦገስት ላይ የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት የሆኑት ሰው ናቸው። ስጋታቸው ውሳኔው ተመሳሳይ ሐረግ ወዳላቸው ብዙ ሕጎች ይዛመታል፣ ውይይቱ ግን ገና አልበሰለም የሚል ነበር። እኔ በዚህ አልስማማም። ሐዘንተኛው ክርክሩ እስኪበስል ሊጠብቅ አይችልም። ሆኖም ስጋታቸው እውነተኛ ጥያቄ መያዙን መካድ አይቻልም።

አራቱ ዳኞች ገንዘቡን አልሰጡትም። እነዚህ ሁለት ሰዎች በተግባር በትዳር መልክ ኖረዋል ወይ የሚለው እንዲጣራ መዝገቡን ወደ ናጎያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት መለሱት። በሩ ተከፈተ። ለመግባት ግን ማስረጃ ያስፈልጋል።

ምን ሠራ፣ ምን አልሠራም

የሠራው ጥያቄውን ማጥበቡ ነው። በጃፓን በዚያው ሰሞን ትልቁ ክርክር የጋብቻ ነበር። ከሳፖሮ እስከ ፉኩዎካ የተለያዩ ጥንዶች መንግሥትን ከሰዋል፣ የሳፖሮ የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤትም በማርች 2021 የጋብቻ ክልከላውን ሕገ መንግሥቱን የሚጥስ ነው ብሎ ነበር። የናጎያው ጉዳይ ያንን ተራራ መውጣት አላስፈለገውም። አንድ ሕግ፣ አንድ ሐረግ፣ አንድ ክፍያ ላይ አተኮረ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም የጋብቻን ጥያቄ ሳይነካ መፍረድ ቻለ። ዳኛ ትንሽ እርምጃ እንዲራመድ ሲጠየቅ እሺ የማለት ዕድሉ ይሰፋል።

የሕጉን ዓላማ ይዞ መሟገትም ሠርቷል። የሥር ፍርድ ቤቶች አመለካከትን መለኪያ ሲያደርጉ አመልካቹ ሊያሸንፍ የማይችልበት ሜዳ ላይ ገባ። ሰዎች የሚደበቁት ኅብረተሰቡ ስለማይቀበላቸው ነው። ፍርድ ቤቱ ደግሞ “ኅብረተሰቡ መቀበሉን አሳየኝ” ይላል። የተደበቀ ሰው ይህን በምን ያሳያል? ይህ ክብ ነው፣ መውጫ የለውም። ዓላማ ላይ የቆመው ክርክር ግን ከክቡ አወጣው። ጥያቄው “ስንት ሰው ደገፈህ?” መሆኑ ቀረና “ጉዳትህ ምንድን ነው?” ሆነ።

ያልሠራው ጊዜው ነው። ከማመልከቻው እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ውሳኔ ከሰባት ዓመት በላይ ሄደ። ለሐዘንተኛ ቶሎ ይድረስለት ተብሎ በወጣ ሕግ ላይ ይህ ከባድ ነገር ነው። የከተሞቹ የምስክር ወረቀትም አልረዳም፣ ናጎያ መስጠት የጀመረችው ሟች ከሞተ ስምንት ዓመት በኋላ ነውና።

ውሳኔው ካስከተላቸው ነገሮች አንዱ ትልቅ ነው። መንግሥት ተመሳሳይ ሐረግ ያላቸውን ሕጎች አንድ በአንድ መመርመር ጀመረ። በጃንዋሪ 2025 በ24 ሕጎች ላይ የተመሳሳይ ፆታ አጋሮች እንዲካተቱ ወሰነ። የቤት ውስጥ ጥቃት መከላከያ ሕግና የመሬትና የቤት ኪራይ ሕግ ከነዚህ ውስጥ አሉ። የኪራይ ሕጉ ቀላል አይደለም። ተከራዩ ወራሽ ሳይኖረው ሲሞት አብሮት የኖረው ሰው ከቤቱ እንዳይወጣ የሚያደርግ ነው። የጡረታ ሕጎች ግን በዚያ ዝርዝር ውስጥ አልገቡም።

ወደ ሌላ ጉዳይ የሚሻገር ትምህርት

በጃፓን የሚኖሩ እንዲህ ያሉ ጥንዶችን፣ ወይም እነሱን የሚያማክር ጠበቃና የማኅበራዊ ሠራተኛን፣ ከሁሉ በላይ የሚመለከተው የማስረጃ ነገር ነው። ክርክሩ በመርህ ደረጃ ቢያሸንፍም መጨረሻው “አብራችሁ መኖራችሁን አሳዩ” ነው። የኪራይ ውል ላይ ሁለት ስም፣ በአንድ አድራሻ የተመዘገበ ነዋሪነት፣ የጋራ ወጪ የሚታይበት የባንክ ሂሳብ፣ ሆስፒታል ላይ “ተጠሪ” ተብሎ የተሞላ ቅጽ፣ በውልና ማስረጃ የተረጋገጠ የአብሮ መኖር ስምምነት። እነዚህ ተራ ወረቀቶች ናቸው። ሰው በደህና ቀን አይሰበስባቸውም። ክፉ ቀን ሲመጣ ደግሞ ከቤቱ ቀድሞ የሚወስዳቸው ዘመድ ነው።

የነዋሪነት መዝገብ ላይ እንኳ ነገሮች እየተነቃነቁ ነው። በሜይ 2024 ናጋሳኪ ክፍለ ሀገር ያለችው ኦሙራ ከተማ ለአንድ ወንድ ጥንድ “ባል፣ ያልተመዘገበ” ብላ ጻፈች። ይህ አጻጻፍ ሳይፈራረሙ አብረው ለሚኖሩ ወንድና ሴት የሚውለው ነው። ማዕከላዊው መንግሥት አልወደደውም። ከተማዋ ግን አልሰረዘችውም።

ኑዛዜ ከሁሉ ይቀድማል ብዬ አምናለሁ። ያለ ኑዛዜ አጋሩ ምንም አይወርስም። ኑዛዜ ካለ ደግሞ የጃፓን ሕግ ለእህትና ለወንድም የማይነካ ድርሻ አያስቀምጥም። ሟች ሁሉንም ለአጋሩ ቢናዘዝ እህት ወንድም ሊያፈርሱት አይችሉም። ሟች ልጅ ሳይኖረው ወላጆቹ በሕይወት ካሉ ግን አንድ ሦስተኛውን መጠየቅ ይችላሉ። ስለዚህ ኑዛዜው ሲጻፍ እናትና አባት እንዳሉ ታስቦ መጻፍ አለበት።

ለዘመድ መንገር የሚለው ምክር ጥንቃቄ ይፈልጋል። የኦሳካው ጉዳይ ዝምታ ዋጋ እንደሚያስከፍል አሳይቷል። ይህ ማለት ግን ሰውን “ተናገር” ብሎ መግፋት አይደለም። ሌላ ሰው ሄዶ መናገርማ ፍጹም የማይደረግ ነው። ቶኪዮ ውስጥ ያለችው ኩኒታቺ ከተማ በ2018 የሰውን ዝንባሌ ያለ ፈቃዱ ማውጣትን የሚከለክል ደንብ ሥራ ላይ አውላለች። መናገርም ሆነ አለመናገር የባለቤቱ መብት ነው። ከሚያምኑት አንድ ዘመድ ጋር፣ በራስ ጊዜ፣ ግንኙነቱን በስሙ መጥራት ከተቻለ ግን ያ አንድ ሰው ነገ ምስክር ሊሆን ይችላል። የማይቻል ከሆነ የወረቀቱ ሥራ በእጥፍ ይጨምራል።

ቀነ ገደብን በተመለከተ፣ ሐዘን ላይ ያለ ሰው ቅጽ አይታየውም። ስለዚህ ይህን የሚያውቅ አንድ ሰው ከጎኑ ቢኖር ይመረጣል። እምቢ እንደሚባል ቢያውቅም ማመልከቻውን ማስገባት አለበት። ያላመለከተ ሰው እምቢታ የለውም፣ እምቢታ ከሌለ ደግሞ ክስ የለም።

በመጨረሻ፣ አንዱን ድል ለሁሉ አድርጎ መውሰድ ያሳስታል። ከአራቱ ዳኞች የመሐል ዳኛው ራሳቸው በተጨማሪ ሐሳባቸው ላይ ውሳኔው ለዚህ ሕግ እንደሆነ፣ ሌሎቹ እንደየዓላማቸው እየተመዘኑ እንደሚታዩ ጽፈዋል። ውርስ በዚህ ውስጥ የለም። ስለዚህ ዛሬም አጋሩ የተገደለበት ሰው ከመንግሥት የተጎጂ ቤተሰብ ክፍያ ሊያገኝ ይችላል። ሟች ሳይናዘዝ ከሞተ ግን የባንክ ሂሳቡም ሆነ በስሙ ያለው ቤት ለወላጆቹ፣ እነሱ ከሌሉ ለእህት ለወንድሞቹ ያልፋል።